ጎማ የማያልፍበት ቦታ

«ወደ ግራ ያዘው፣ ዘሪሁን። ትንሽ ጨምር። ክብ ነው ያልኩህ፣ ሰልፍ አይደለም።»

የእድሩ ጸሐፊ አቶ መዝገቡ ላስ ቬጋስ ውስጥ በስፕሪንግ ቫሊው አፓርትመንት ግቢ መሐል ቆመው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ለቀስተኞቹን በእጃቸው ምልክት ፓርክ ያስደርጋሉ። ጊዜው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ፣ ጥር ወር ነው። በኮቪድ ምክንያት ለቅሶ ቤት መሰብሰብ ቀርቷል። ሰው የሚመጣው በመኪናው ነው፤ የሚያለቅሰውም እዚያው ተቀምጦ ነው። መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ይላል፣ ከፔርሙዝ በወረቀት ኩባያ የተቀዳለትን ሻይ ይቀበላል፣ ዝም ይላል።

ሀሌታ ከእናቷ ከወይዘሮ ጽጌወይን ጎን፣ ደረጃው ሥር በተዘረጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ንጉሤ የተቀበረው ትናንት ነው። ወደ መቃብሩ እንዲቀርብ የተፈቀደለት አሥር ሰው ብቻ ነበር። ካህኑ ፈጠን ፈጠን እያሉ ጸለዩ፣ ቢጫ ማሽን አፈሩን መለሰ፣ በሃያ ደቂቃ አለቀ። የሚቀጥለው ሬሳ በር ላይ ይጠብቅ ነበር። ደረቱን የመታ አልነበረም።

አሥራ አንድ መኪና ክብ ሠራ። አባቷ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል ሀሌታ ታውቃለች፤ ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ አለ። «ፊልም እንደሚዋሸው አይደለም። ወደ ምዕራብ የሄዱት ሰፋሪዎች ጋሪዎቻቸውን ክብ የሚያደርጉት ከብቶቻቸው እንዳይበተኑ ነው። የአገሬውን ሰው ቀስት ፈርተው አይደለም። ከቀስት ይልቅ ተቅማጥ ነው የፈጃቸው። ግን ተቅማጥ ለፊልም አይመችም።»

በክቡ ጠርዝ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው። ቁጥር አሥራ አራት፣ የንጉሤ ፓርኪንግ። አሮጌ ቶዮታው ሲያንጠባጥበው የኖረው ዘይት አስፋልቱ ላይ እንደ ሰሃን ክብ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። እዚያ ባቆመ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ የሚለው ነገር ነበረው፦ «እኔም ሰፋሪ ነኝ። በማን መሬት ላይ እንዳቆምኩ ግን አውቃለሁ።»

አቶ መዝገቡ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ይዘው መጡ።

«ሀሌታ፣ ልጄ፣ ነገ ሠልስት ነው። የሕይወት ታሪኩን አንቺ ታነቢዋለሽ። እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ።»

ፊደል ያስቆጠራት አባቷ ነው፤ ስሟንም ያወጣላት ከፊደሉ መጀመሪያ ነው። አነበበች። «አቶ ንጉሤ በታታሪነታቸው የተመሰገኑ፣ ሰው አክባሪ፣ ትሑትና ዝምተኛ…»

የእድሩ የሕይወት ታሪክ አንድ ናሙና አለው። ስምና የልጆች ቁጥር ይቀየራል፣ ሌላው እንዳለ ይቆያል። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ዘጠኝ አባል ሞቶ ዘጠኙም ትሑትና ዝምተኛ ነበሩ። ሰካራሙም፣ ሚስቱን ያስለቀሰውም፣ ለሰው ብሎ ራሱን የጨረሰውም ያው ትሑትና ዝምተኛ። ሞት የሚወስደው ሥጋውን ነው፤ የተረፈውን ማንነቱን በምስጋና የምንቀብረው እኛ ነን። ይህንንም ጨዋነት እንለዋለን።

«ጋሽ መዝገቡ፣ አባዬ ዝምተኛ ነበር?»

«ሙት አይወቀስም፣ ልጄ።»

«ከእድር ስብሰባ ሁለት ጊዜ ያስወጡት እርስዎ አይደሉም?»

«ሦስት ጊዜ ነው» አሉ መዝገቡ፣ ወደ መሬት እያዩ። «በሦስተኛው ወንበሩንም ይዞት ወጣ።»

ወይዘሮ ጽጌወይን ጥቁር ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። «ተይ ሀሌታ። የተጻፈውን አንብቢ። አንድ ቀን እንኳ ከሰው ሳይጣላ ይዋል።»

ሀሌታ ወረቀቱን አጠፈችው። ማንበቡን የጠላችው ውሸት ስለሆነ ብቻ አልነበረም። አባቷን ዝም ያሰኘችው ራሷ ናት። ይህን ሳትናገር «ዝምተኛ» የሚለውን በድምፅ ማጉያ ማንበብ ጥፋቷን እንደ ምስጋና ማንበብ ይሆንባታል።

ንጉሤ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአንዲት የአውራጃ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሯል። ላስ ቬጋስ ሲደርስ ቱሪስት ከከተማው ውጭ ወዳለው ትልቅ ግድብ የሚያመላልስ አውቶቡስ ያዘ። ማይክሮፎን የሰጡት ሰዎች ግን ቆይተው ተጸጸቱ። ስለ ካዚኖዎቹ ይናገራል ሲባል፣ ይህ በረሃ ምንጭና ለምለም መስክ እንደነበረው፣ በምንጩ ዙሪያ ፓዩት የሚባሉ ሰዎች እንደኖሩበት ያወራል፤ ማን መጥቶ እንዴት እንደገፋቸው እየጠየቀ ተሳፋሪዎቹን እንደ ተማሪ ያስጨንቃቸው ነበር። ፊታቸውን አጥቁረው፣ ቲፕ ሳይሰጡ ይወርዳሉ። ካምፓኒው አሰናበተው። ከዚያ በኋላ የነዳው ከኤርፖርት ሆቴል የሚያመላልስ ሚኒባስ ነው። ማይክሮፎን የለውም፤ ሻንጣ ብቻ።

ሀሌታ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ሆነች። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መኝታ ክፍሏ ውስጥ በኮምፒውተር ማስተማር ጀመረች። ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት ትምህርቷ «ወደ ምዕራብ መስፋፋት» የሚል ነበር። ስክሪኑ ላይ ነጭ ሸራ የለበሱ ጋሪዎች፣ ወርቃማ ሣር፣ ጀንበር። ንጉሤ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በሩን ከፍቶ ገባ፤ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ካሜራውን አየ።

«ልጆች» አለ በዚያ ከባድ እንግሊዝኛው፣ «ሰፋሪዎቹ የሞቱባቸውን የት እንደቀበሩ ጠይቋት። እኔ ልንገራችሁ። አባትየው ልጁን መንገዱ መሐል ይቀብራል። ከዚያ ጋሪዎቹ ሁሉ በላዩ ላይ ይነዱበታል። መቃብሩ እንዳይታወቅ፣ አውሬ እንዳያወጣው። በገዛ ልጁ መቃብር ላይ ጎማ ያሳለፈ ሰው፣ የሌላውን ሰው መቃብር አይቶ ይቆማል?»

አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። የልጅቷ እናት ለትምህርት ቤቱ ኮምፕሌይን አደረገች፤ ሀሌታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ኢሜይሉን አንብባ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

«አንተ እዚህ አገር የማንም ቲቸር አይደለህም» አለችው። «ሹፌር ነህ። ክላስህ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት ሆነው።»

ንጉሤ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ለምን እንደምጮህ ታውቂያለሽ? አሥራ አንድ ዓመት የራሳችንን ታሪክ አሳምሬ አስተማርኩ። የማን መሬት ለማን እንደተሰጠ እያወቅሁ፣ ‘አገር ሰፋ’ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ‘አያቴ የተነቀሉት ከዚያ ነው’ ሊለኝ ነው፤ ከፊቱ ገብቶኛል። ቁጭ በል አልኩት።»

«የአንተን ጥፋት በእኔ ክላስ አታርም» አለችው። «ሁለተኛ በሬን እንዳትከፍት።»

አልከፈተም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደህና ዋልሽ»፣ «ደህና ዋልክ» ብቻ ሆነ። ጥር መጀመሪያ ላይ ማሳል ጀመረ። በአራተኛው ቀን አምቡላንስ መጣ። በቃሬዛ ሲያወጡት ቁጥር አሥራ አራት አጠገብ አንድ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አነሣ። የሚለው ነገር ነበረው፤ ግን ኦክስጅኑ አፉን ሸፍኖታል። ሀሌታም ደረጃው ላይ ቆማ ልትለው የሚገባትን ነገር ሁሉ ትታ «ቻርጀርህን ይዘሃል?» አለችው። ሆስፒታል መግባት ክልክል ስለነበር ከዚያ ሌላ ቃል አልተለዋወጡም።

ከቀትር በኋላ አንድ ነጭ ሚኒባስ ወደ ግቢው ገባ። ወደ ቁጥር አሥራ አራት አቀና፣ ዘይቱን ሲያይ ግን ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አጥሩ ሥር ፓርክ አደረገ። የወሎው አብዱልሀሚድ ነው፣ የንጉሤ የሥራ ባልደረባ። ልጁ ኢክራማ ከኋላ ተቀምጣለች። ሀሌታ ታውቃታለች፤ ተማሪዋ ናት።

አብዱልሀሚድ ወርዶ ራቅ ብሎ ቆመ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ።» ከዚያ ወደ ሀሌታ ዞረ። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንዳትቆጪ።»

«ንገረኝ።»

«ጋሽ ንጉሤ ተማሪሽ ነበሩ።»

ሀሌታ ቀና ብላ አየችው።

«ከኅዳር ጀምሮ። ሺፍታችን እኩለ ቀን ላይ አይደል የሚጀምረው? ጠዋት ጠዋት ሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ላይ፣ እኛ ቤት ይመጣሉ። ኢክራማ ጠረጴዛው ላይ፣ እሳቸው በረንዳው በር ላይ፣ ማስካቸውን አድርገው፣ ካሜራው በማያይበት በኩል። ደብተር ነበራቸው።»

«ምን ይል ነበር?»

«ምንም። እሱ እኮ ነው የገረመኝ። ስምንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ቀይ መብራት ላይ እንኳ ዝም ብለው አያውቁም። ባለቤቴ ‘ሰውዬው አመማቸው እንዴ?’ ትለኛለች። ‘ለቲቸር ሀሌታ ልንገራት ወይ?’ ስላቸው ‘አስተማሪ ሲያስተምር አይቋረጥም’ አሉኝ። ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው።»

ኢክራማ በመስኮቱ ብቅ አለች። «እኔ ራይት ካልሠራሁ ራሱ አይናገርም» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ጣቱን ብቻ እንዲህ፣ እንዲህ ያደርጋል።» ጠረጴዛ እንደሚመታ ጣቷን አንቀሳቀሰች።

ሀሌታ የሚቀጥለውን ለመጠየቅ ፈራች። በታኅሣሥ ያን ትምህርት ደግማው ነበር። ጋሪዎቹን ከነጀንበራቸው አውጥታ ጥላ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ፓዩቶቹ፣ ሞርሞን የተባሉት ነጭ ሰፋሪዎች መጥተው ስለሠሩት ምሽግ፣ መንገድ ላይ ስለቀሩት መቃብሮችም አስተማረች። ልጆቹ አላለቀሱም፤ ጠየቁ። ለአባቷ ግን አልነገረችውም። ያሸነፈ እንዳይመስለው ብላ።

«ስለ ምንጩ ያስተማርኩ ቀን ነበር?»

«ነበሩ።»

«ምን አለ?»

አብዱልሀሚድ ጫማውን ተመለከተ። «እውነቱን ልንገርሽ? ‘ዓመቱን ተሳሳተች’ አሉ። ‘ምሽጉ የተሠራው በአሥራ ስምንት መቶ ሃምሳ አምስት ነው፤ ሃምሳ አራት አለች።’ ከዚያ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አፍንጫቸውን ጠረጉ። ጠረጉና ‘ዘጠኝ ከአሥር’ አሉ። ‘አሥር ለማንም አልሰጥም።’»

ሀሌታ ደረጃውን ወጥታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። የታኅሣሡ ትምህርት ሃምሳ አራት ይላል። እየሳቀች፣ እያለቀሰች አራቱን አጥፍታ አምስት ጻፈች።

በማግስቱ ሠልስት ነበር። ክቡ ወደ ሁለት ዙር ሰፋ። ሀሌታ በአቶ መዝገቡ ድምፅ ማጉያ የተወለደበትን፣ የተማረበትን፣ የመጣበትን ዓመት አነበበች። «ትሑትና» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ወይዘሮ ጽጌወይን ዓይኗን ጨፈነች።

«አባዬ ትሑት አልነበረም» አለች ሀሌታ። «ዝምተኛም አልነበረም። ከናንተ ያልተጣላው ካለ ጥሩምባ ይንፋ።»

ማንም አልነፋም። ከአንድ መኪና የታፈነ ሳቅ ወጣ።

«ይጮህ የነበረው አንድ ጊዜ መናገር ሲገባው ዝም ስላለ ነው። አንድን ልጅ ቁጭ በል ስላለ። እኔ ደግሞ እሱን ሹፌር ነህ፣ ዝም በል አልኩት። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሄደ። ዝም ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በእኔ ክላስ። ሰባት ሳምንት።» ወደ ቁጥር አሥራ አራት ዞረች። «ምሽጉ የተሠራው በአሥራ ስምንት መቶ ሃምሳ አምስት ነው፣ አባዬ። አርሜዋለሁ።»

አቶ መዝገቡ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «ወንበሩንም ጨምሪበት» አሉ በዝግታ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ጽጌወይን ተነሥታ ደረቷን መታች። መቃብሩ ላይ ያልወጣው ለቅሶ ያኔ ወጣ። ከመስኮቶቹም አንድ በአንድ ተቀበሏት፤ ግቢው ሁሉ ልቅሶ ሆነ፣ የጎረቤት መጋረጃዎች ተገለጡ።

ከሰዓት በኋላ ሰው መሄድ ጀመረ። ክቡ ጠባብ ስለነበር ለመውጣት የሚፈልግ ሁሉ ወደ ኋላ መዞር አለበት። ዘሪሁን ትልቁን መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቁጥር አሥራ አራት ማፈግፈግ ጀመረ። የኋላው ጎማ ነጩን መስመር ሊያልፍ ሲል በመስተዋቱ ሀሌታን አየና ፍሬን ያዘ። ባዶው ቦታ መሐል ላይ ቆማለች።

«ሀሌታ፣ እህቴ፣ ዞሬ ልውጣ። አንድ አፍታ ነው።»

አልተንቀሳቀሰችም። አቶ መዝገቡ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ አስፋልቱ ላይ ያለውን ጥቁር የዘይት ክብ አዩ። ማስካቸውን ወደ አፍንጫቸው መለሱና እጃቸውን አነሡ።

«ወደፊት ሂድ፣ ዘሪሁን። በአጥሩ በኩል ዙር። ሁላችሁም በአጥሩ በኩል።»

መኪኖቹ አንድ በአንድ ረጅሙን ዙረው ወጡ። የመጨረሻው እስኪሄድ ሀሌታ ከቦታው አልተነሣችም። ከዚያ ወደ እግሯ ተመለከተች፤ የጫማዋ ጫፍ ዘይቱን ነክቶት ነበር። እግሯን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበች።