የማሟሻው ወንበር

የሬዲዮ ጣቢያው የቀልድ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይከፈት መስኮት፣ ጥቂት ወንበሮች። በሩ ሥር ያለው፣ እግሩ የሚወላገደው ወንበር የማሟሻው ወንበር ይባላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰውን በሳቅ የሚያፈርሰው ፕሮግራም የሚጻፈው እዚህ ነው። አድማጩ እንዴት እንደሚጻፍ ቢያውቅ ሬዲዮውን ይዘጋ ነበር ልል ፈልጌ ነበር። ውሸቴን ነው፤ ድምፁን ነበር የሚጨምረው።

ሕጉ እንዲህ ነው። ጠዋት ማንም ብዕር ከማንሳቱ በፊት አፍ ይሟሻል። ሁሉም ተራ በተራ አዲሱ ሰው ላይ ይወርድበታል፤ በመልኩ፣ በአለባበሱ፣ በዘር ማንዘሩ። ማሟሻ የሚሉት ይኸው አዲስ ሰው መሳቅ አለበት። ሳቁ የውሸት ከሆነ የክፍሉ ኃላፊ፣ ዋናው የሚሉት ሰውዬ፣ ጣቱን ያነሳና «ድገመው» ይላል። ተናጋሪው ይደግማል፣ ማሟሻው እንደገና ይስቃል፣ ልክ እስኪመጣ ድረስ። ከዚያ ሌሎቹ የጻፉትን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። የራሱን ቢጽፍም የሚያይለት የለም። ከወንበሩ የሚነሳው ሌላ አዲስ ሰው ሲመጣ ብቻ ነው። ሁሉም በዚያ ወንበር አልፈዋል፤ ማንም የማያዝንለትም ለዚሁ ነው።

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች ዓመት ሊሞላት ነው። በገባች ቀን ቦርጮ የሚባለው ጸሐፊ ቅጥነቷን ከላይ እስከ ታች አየና «ይቺ በየት በኩል ነው ፊቷ?» አለ። ሳቀች። «ድገመው» አለ ዋናው። ስሟም በዚያው ሰንበሌጥ ሆኖ ቀረ። አሁንማ ሳቁን ስለለመደችው ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ እንኳ ያለ ምክንያት ይመጣባታል። ትጠላዋለች።

ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ አንዲት አከራይ ሴትዮ ነው፤ ተከራዮቿን «ሕልም ማየት ይቻላል፤ እንግዳ ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው» የምትል። ልጅቷ በሕይወቷ የምትፈልገው ነገር ቢኖር ያ ጽሑፍ በዚያ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ መስማት ነው። ጆሮው የደከመው አባቷ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሬዲዮው ላይ ይደፋና በየቀልዱ መሃል «የቱ ነው ያንቺ?» ይላታል። «ገና ነው አባባ» ትለዋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ያንኑ ይጠይቃታል።

የአከራይዋ ጽሑፍ ግማሹ የታናሽ ወንድሟ ነው። ጢም አውጥቶ፣ ፀጉሩም ከፊት መሸሽ ጀምሮ እንኳ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የሚባለው። ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። ደንበኛ መታወቂያ ሲሰጠው ፎቶውን አተኩሮ ያይና «እኚህ ሰውዬ ያውቁዎታል?» የሚል ጉደኛ ነው።

«እህት ዓለም፣ እኔንም አስገቢኝ እንጂ» ይላታል። «የሰው መታወቂያ ሳባዛ ልሙት?»

«ቦታ የለም» ትለው ነበር። ወንበሩን የሚረከባት ሌላ ሰው ብትመኝም እሱን ግን አልነበረም። ወራት ሲያልፉ ግን ልቧ ደነደነ። ቢበዛ ትንሽ ጊዜ ይቀመጥበታል፣ ከእሱ በኋላም ሌላ ይመጣል አለች ለራሷ።

«ትንሽ ይቀልዱብሃል» አለችው።

«ይቀልዱ! እኔስ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?»

አዲስ ሰው የሚያመጣ ሰው እጀታ ያቀብላል፤ ይህም ሕግ ነው። ሰውዬውን ምኑ ላይ ቢይዙት እንደሚያመው አስቀድሞ ይናገራል። ልጅቷ ፀጉሩንና ፎቶ ኮፒ ቤቱን አቀበለቻቸው። ትልቁን እጀታ ደበቀች።

ትልቁ እጀታ እናታቸው ናት። ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ልጅቷ ልብስ ልትቀይር ወደ ቤት ስትሄድ ወንድሟን «ከአጠገቧ እንዳትነሳ» ብላው ነበር። እሱ ግን ለአፍታ ብሎ ኮሪደር ወጣ። የሐኪሙን አረማመድ ለነርሶቹ ቢያሳያቸው በሳቅ እንባ በእንባ ሆኑ። «በናትህ ድገመው!» አሉት። ደገመው። ሲመለስ እናቱ አልፋለች። ይህን ከቀብር ሲመለሱ ለእሷ ብቻ ነገራት፤ ለአባታቸው ትንፍሽ እንዳትልም አስማላት።

በገባበት ቀን ማሙሽ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አወዛወዘው። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ ጽሑፏም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቦርጮ ጀመረ።

«ፀጉርህ ወዴት ነው የሚሸሸው?»

«ሆድህን አይቶ ነው» አለ ማሙሽ፤ «ቦታ ሊለቅልህ።»

ክፍሉ ፈነዳ። አንደኛው ስለ ፎቶ ኮፒው ተናገረ። ማሙሽ «ያንተን ቀልድ ሳላባዛልህ አልቀርም፤ በሦስት ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ» አለው። ዋናው፣ ሲስቅ ታይቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ይሄ ማሟሻ አይደለም» አለ። «ይሄ የተሟሸ ነው። ና እዚህ ከጎኔ ተቀመጥ። ሰንበሌጥ፣ ተነሺ፤ ወደ ቦታሽ።»

ማሙሽ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ። «ኧረ ጋሼ፣ እሷ...»

ልጅቷ አልተነሳችም። ጽሑፏ ገና አልተገለጠም። ወንድሟን አየችው፤ በአንድ ጠዋት እሷ በዓመት ያላገኘችውን አግኝቷል። ጠላችው። ከዚያ የምትለውን ሳትመርጥ አፏ ቀደማት።

«እናታችን ስታጣጥር ይሄ ኮሪደር ላይ ነርሶች ያስቅ ነበር። በናትህ ድገመው አሉት፣ ደገመው። እናታችን ግን አልደገመችለትም፣ አንዴ ነው የሞተችው።»

ቦርጮ ሳቁ በአፍንጫው ፈነዳ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሁሉም ወደ ማሙሽ ዞሩ። ማሙሽ የሚጠበቅበትን ያውቃል፤ ጥርሱን አሳየ። ዋናው ጣቱን አነሳ።

«ድገሚው።»

እዚህ ላይ መተው ትችል ነበር። ቦርሳዋን ይዛ፣ ወንድሟን ይዛ ደረጃውን መውረድ ትችል ነበር። እሷ ግን ያሰበችው ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ላይ መቸኮሏን። ሥራዋን ያወቀች ጸሐፊ የሆነችው ያን ጊዜ ነው፤ እንኳን ደስ አለሽ የሚላት ቢኖር ይበላት።

«እናታችን ስታጣጥር ይሄ ኮሪደር ላይ ነርሶች ያስቃል። በናትህ ድገመው አሉት። ደገመው።» ትንፋሽ ወሰደች። «እናታችን አንዴ ሞተች። አልደገመችለትም።»

ማሙሽ ሳቀ። ከልቡ ይሁን ከየት እንጃ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። ዋናው ጣቱን አወረደ። ማሙሽም ማንም ሳያዘው በሩ ሥር ወዳለው ወንበር ተመልሶ ተቀመጠ።

ማሟሻ ነውና የእህቱን ጽሑፍ እሱ አነበበው። አሳምሮ አነበበው፤ እንግዳ ስለ መከልከሉ የምትለዋን፣ ራሱ ያዋጣትን፣ ምንም ሳይሰስት አነበበላት። አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ።

«አከራይዋ ደህና ናት» አለ ዋናው። «እሷ ለሌላ ጊዜ ትቆይ። ያንን የእናትሽን ለቅዳሜ ጻፊው።»

ማታ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ሄዱ። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

«ሁለተኛው ይሻላል።»

«ምኑ?»

«መጀመሪያ ‹አንዴ ነው የሞተችው› ብለሽ ዘጋሽው፤ ይጎተታል። ‹አልደገመችለትም› መጨረሻ ላይ ሲመጣ ልክ ነው።»

«ማሙሽ፣ በናትህ...» አለችና ምላሷን ነከሰች። እሱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ጻፈችው። ኮሪደሩን በገበያ፣ ነርሶቹን በሻጮች ለውጣ ሞከረችው፤ አላስቅ አለ። እንዳለ መለሰችው።

ቅዳሜ አባታቸው እንደ ልማዱ ሬዲዮው ላይ ተደፋ። ልጅቷ ወጥ ቤት ገብታ ያልቆሸሸ ድስት ታጥብ ነበር። የፕሮግራሙ ሙዚቃ አለቀ፣ አንዱ ቀልድ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ።

«የቱ ነው ያንቺ?» አለ ሽማግሌው ጮክ ብሎ።

መልስ የሰጠው ማሙሽ ነው።

«ይሄኛው ነው አባባ። ስማው» አለና ድምፁን ጨመረለት።