አልነቃነቅ ያለው ቁጥር

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ስምንት ዓመት ስሠራ አንድም ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ አላውቅም። ሥራዬ ከላይ ነው፤ መቆጣጠሪያ ክፍል ቁጭ ብዬ ከየዋሻው የሚመጣውን የጋዝ ቁጥር ማየት። ቁጥሩ አንድ በመቶ ከደረሰ የዋሻው ኤሌክትሪክ በራሱ ይቋረጣል፣ ከሰሉን የሚያጓጉዘው ቀበቶ ቀጥ ይላል፣ ወዲያው ስልኬ ይንጫጫል።

የሚደውለው የፈረቃ አለቃችን ነው። ደቂቃ ስለሚቆጥር ጋሼ ደቂቃ እንለዋለን፤ በሌለበት ነው ታዲያ። ቀበቶው በቆመ ቁጥር ያቺኑ ንግግሩን ይጀምራል። ከአገሩ ሦስት አምፖል ሁለቱ የሚበራው በእኛ ከሰል ነው፣ የብረትና የሲሚንቶ ፋብሪካው ምድጃ የሚነደው በእኛ ነው፣ የውጭ ምንዛሪውም ከእኛ ነው፣ አንቺ ደግሞ እዚያ ተጎልተሽ አገር ታጨልሚያለሽ ይለኛል። ያቆመው ጋዙ ነው ብል ማን ሰምቶኝ!

ብሶቴን የምተነፍሰው ራት ላይ ለታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ቁመት እንጂ ሥጋ ስላልፈጠረበት ሰፈሩ ሁሉ ቀጮ ይለዋል። የሚሠራው ታች፣ ሰባተኛው ዋሻ ውስጥ ነው። ሌላ ጊዜ በእኔ ብሶት ይስቅ ነበር፤ ባለፈው ረቡዕ ግን አልሳቀም። የዚያን ቀን ሰባተኛው ዋሻ ሦስት ጊዜ ቆሞ፣ ጋሼ ደቂቃ ነገ ደግሞ ከቆመ ከዚህ ወንበር አነሳሻለሁ ብሎኝ ስለነበር አለቀስኩ። ቀጮ መብላቱን ትቶ አየኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰባተኛው ዋሻ ዜሮ ነጥብ አራት ይል ነበር። እሰይ አልኩ። አራት ሰዓት ላይ አየሁት፤ ያው ዜሮ ነጥብ አራት። አራት ተኩልም ያው። ሌሎቹ ዋሻዎች እንደ ሰው ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ እሱ ግን አልነቃነቅ አለ። ታች ያሉት ሰዎች ሥራ እንዳይቆምባቸው አንዳንዴ የጋዝ መለኪያውን በፌስታል ሸፍነው ጥፍር አድርገው ያስሩታል ሲባል እሰማ ነበር። መለኪያው ያን ጊዜ የሚለካው ፌስታሉ ውስጥ የቀረውን አየር ብቻ ነው። ውጪው ስንት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ለጋሼ ደቂቃ ደወልኩ። ቁጥሩ ሲወጣ ትጮሂያለሽ፣ ሲረጋም ትጮሂያለሽ፣ ምን ይሻልሻል አለኝ። ኤሌክትሪክ ጣቢያው ግቢ የቀረው የአንድ ቀን ከሰል ነው፣ ማቋረጫ ቁልፉን እንዳትነኪ ብሎ ዘጋብኝ።

ወደ ሰባተኛው ዋሻ ደወልኩ። ያነሳው ቀጮ ነበር።

«መለኪያው ላይ ምን አለ?» አልኩት።

የቀበቶው ጩኸት ብቻ ይሰማኛል።

«ለአንቺ ብዬ ነው እትዬ» አለኝ። «ዛሬ እንኳ እንዳታለቅሺ ብዬ።»

ሰዎቹን ይዘህ አሁኑኑ ውጣ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ አልኩትና ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት። ቀበቶው ቆመ። አገሩ ይጨልም፣ የራሱ ጉዳይ!

ዋሻው ውስጥ የነበሩት አስራ ስምንት ናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ የቡድን መሪያቸው ከዋናው መተላለፊያ ደውሎ አስራ ሰባት ሆነው እንደወጡ ነገረኝ። ቀጮስ አልኩት። ዕቃ ረስቻለሁ ብሎ ከመንገድ ተመለሰ፣ ብንጠራውም አልሰማንም አለኝ።

ምን ሊያደርግ እንደተመለሰ ገና ሳስብ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ነቃ አለ። መለኪያው የራሱ ባትሪ ስላለው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ይሠራል። ከዜሮ ነጥብ አራት ተነስቶ ሦስት ነጥብ ስድስት ገባ። ፌስታሉ ተፈትቷል ማለት ነው። ሊመረምሩ የሚወርዱ ተቆጣጣሪዎች ሳያዩበት ሊያነሳው ነው የተመለሰው፤ አሁን እዚያው መለኪያው ሥር ቆሟል። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ። አራት። አምስት ከደረሰ እንዲፈነዳ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፤ አንድ ብረት ከድንጋይ ቢጋጭ በቃ። ፈራሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ፈጣሪዬ፣ እሱን አትንካብኝ፣ ከፈለግክ እኔን እያልኩ ጠረጴዛውን ጨምድጄ ያዝኩ።

ጋሼ ደቂቃ በሩን በርግዶ ገባ። ሊጮህብኝ አፉን ሲከፍት ቁጥሩን አየው፤ አራት ነጥብ ሦስት። ከጎኔ መጥቶ ቆመ። ሰዓቱን አላየም። ሁለታችንም ቆመን፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፣ ስልኩ እስኪጮህ ጠበቅን።

«ወጣሁ እትዬ» አለ ቀጮ።

ላይ ሲደርስ እየሮጥኩ ሄጄ መጀመሪያ በጥፊ አልኩት፤ ከዚያ አቅፌው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ፊቱ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ዓይኑ ብቻ ይቁለጨለጫል። ፌስታሉን ከኪሱ አወጣሁት። ጠዋት ዳቦ የቋጠርኩለት ነው፤ ፍርፋሪው እንኳ ገና አልረገፈም።

ጋሼ ደቂቃ ከኋላዬ መጥቶ መለኪያውን ማን እንደሸፈነው ጠየቀ። ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ። ቀጮ ሊናገር ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«እኔና እርስዎ ነን» አልኩት።

ቀበቶውን አስነሱ ሳይል ሄደ። እስከ ማግሥቱም አልተነሳም።