ጠባቂ የሌለው ምርኮኛ

ልጅ ሳለሁ፣ ደረጃ ሥር ዳማ ከሚጫወቱ ሁለት ሰዎች አንዱ «በላሁህ! አሁን የእኔ ነህ» ሲል ሰማሁ። የሌላው መልስ ግማሹ ጠፍቶብኛል። «ያዝከኝ፣ እሺ፤ ማን ሊጠብቀኝ ነው?» የሚል ነገር ነበረበት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ነገሩን ይዤው አደግሁ።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ የሰሌዳ ጨዋታ ፈጠረች። አንድ ጠጠር አሻግሮ ከተቃራኒው ዳር ያደረሰ ያሸንፋል። ሰሌዳውንና ጠፍጣፋዎቹን የእንጨት ጠጠሮች የሠራላት አናጢው ታላቅ ወንድሟ ነው። የተማረከ ጠጠር ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ከተፈለፈሉት ጉድጓዶች አንዱ ውስጥ ይገባል፤ በቃ፣ አለቀለት። ታዲያ ቀድሞ የማረከ ሁልጊዜ ያሸንፋል። እንዲሸጥላት የወሰደችለት የመጫወቻ ሱቅ ባለቤት ደንበኞቹን ቢያስሞክራቸው መሐል ላይ ጥለውት ተነሱ።

«ቅዳሜም ጥለውት ከተነሱ አልወስድልሽም» አላት።

በማግስቱ አናጢው ቤት ሰጋቱራ መሐል ተቀመጥን።

«ደንቡን እቀይራለሁ» አለች።

«ምኑን? ማረክሽ፣ ወሰድሽ። ወይስ ለምርኮኛሽ ፍራሽ ላንጥፍለት?» አለ ወንድሟ ሙጫውን እያማሰለ።

ያን የዳማ ወሬ ነገርኳቸው። ልጅቷ ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ አንዱን ጠጠር ማረከች፤ አላነሳችውም፣ የራሷን ደረበችበት።

«ይኸው ጠባቂው። ጠባቂው ሲነሳ ምርኮኛው ነጻ ነው። ና፣ ግጠመኝ።»

ወንድሟ እየሳቀ ተቀመጠ። ያገኘውን ሁሉ ማረከ። ትንሽ ቆይቶ ጠጠሮቹ በሙሉ ጥበቃ ላይ ዋሉ፤ እሷ በተረፏት ገሰገሰች።

«ተንቀሳቀስ እንጂ ወንድምዬ!»

«በምኔ? አሳሪውም እኔ፣ ታሳሪውም እኔ!»

አንዱን ጠባቂ ቢያነሳ ምርኮኛዋ አመለጠች፤ ያችው ጠጠር ዳር ደርሳ አሸነፈችው።

«እንደገና!» አለ። ሦስተኛውንም ዙር ማንም ሳይነሳ ጨረስነው።

«ጉድጓዶቹስ?» አለ በመጨረሻ። «የሰሌዳውን ጠርዝ ሁሉ እኮ ፈልፍዬዋለሁ!»

«ድፈናቸው። ጉድጓዱ ካለ ሰው መክተቱን አይተውም።»

«አጎቴ፣ እስቲ ይፍረዱ!» አለኝ ወንድሟ።

በልቤ «እጃችን የገባ ሁሉ የእግዜር አደራ ነው» አልኩ። በአፌ ግን «ሦስቴ የተጫወትከው አንተ ነህ፤ አንተው ፍረድ» አልኩት።

አውራ ጣቱን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ጥልቀቱን ለካ።

«እሺ፤ እስከ ቅዳሜ ሁሉንም እደፍናለሁ» አለ። «በብርጭቆ ወረቀት የምታለሰልሺው ግን አንቺ ነሽ።»