ያልተሞከረ መጋዝ
ቢተው የሞተር መጋዝ ልግዛ አልግዛ ሲል ሁለት ዓመት አለፈው። ጅዳ አውሮፕላን ጣቢያ የመንገደኛ ሻንጣ የሚመዝን ሰው ነው። ኮምቦልቻ ያሉት አባቱ በደወለ ቁጥር፣ «ባሕር ዛፉ ደርሷል፤ የኔ ክንድ ግን ደክሟል» ይሉታል። ጎረቤቱ ማዘንጊያ ሐሙስ አገር ቤት እንደምትገባና ሻንጣዋ ላይ የእሱን ዕቃ የሚያስይዝ ኪሎ እንደተረፋት ስትነግረው፣ «ያላ! ቀኑ ዛሬ ነው!» ብሎ ከሚኖርበት ከጃሚዓ ሰፈር ኑዝላ ሰፈር ያለ ሱቅ ድረስ በረረ።

ቀዩን መጋዝ ሳሎን መሐል አስቀምጦ እንደ ሙሽራ ዞረው። ወዲያው አባቱ ዘንድ ደወለ።

«ይነሳል?» አሉ አባቱ። «አምና የላክኸው ፓምፕ ሞቶ ነው የደረሰው። እስቲ አሰማኝ!»

ቢተው ቤንዚን ሞላና በረንዳ ላይ ወጥቶ ገመዱን ሳበ። መጋዙ አገሳ። አባቱ በስልክ «እሰይ! እሰይ!» አሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ።

ሚስቱ ሩታ አፍንጫዋን ይዛ መጣች። «አንተ ሰው፣ ቤንዚን የነካው ማሽን አውሮፕላን ላይ አይወጣም እያልክ በቀን ስንቱን ነው የምትመልሰው?»

ቢተው ክው አለ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«በል ይሄ ለቤታችን ይሁን» አለች ሩታ፣ በረንዳው ላይ ያለቻቸውን አንዲት ሬሃን የሚሏትን በሶብላ ከመጋዙ ወደ ውስጥ እያሸሸች።

በማግስቱ ኑዝላ ሁለተኛውን መጋዝ ሲገዛ፣ ባለሱቁ «ላስነሳልህ?» ብሎ ካርቶኑን ሊከፍት ሲል ቢተው ላዩ ላይ ተኛበት።

«ኸላስ! እንዳትነካው!»