ዘጠነኛዋ ነጥብ

ዋጋነሽ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ወደ ግድግዳው ስትሮጥ በሩ ተበረገደ። ጨርቁን ከጀርባዋ ደበቀችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ግን የምትደብቅበት ጊዜ አላገኘችም፤ በከሰል የተሳሉት፣ ውስጣቸው ቀለበትና ነጠብጣብ የሞላባቸው ሁለት ክቦች እያንዳንዳቸው ሰፌድ ያህላሉ።

ቀድሞ የገባው አስተርጓሚው ዱባለ ነው። ጣሊያን ሳይገባ በፊት እዚሁ ኮልፌ ጨው እየቸረቸረ ያድር ነበር፤ ዛሬ ቆብ ደፍቶ ጎረቤቱን ሁሉ አላውቅህም ይላል። ሁለት ወታደሮችና አንድ ባለመነጽር መኮንን ተከተሉት። ባሏን ወልደሰንበትን ግቢ ውስጥ እንጨት ሲፈልጥ አግኝተውት እየገፈተሩ አስገቡት።

የመጡት ለመሣሪያ ፍለጋ ነው። አልጋው ተገለበጠ፣ እህሉ ተዘረገፈ፤ ምንም አልተገኘም። ዱባለ ባዶ እጁን መውጣቱ ቆጭቶት ዞር ሲል ግድግዳውን አየ።

"ይኸውላችሁ!" አለ። "የምሽግ ካርታ! መሐሉ ምሽጉ፣ ክቦቹ አጥር፣ ነጠብጣቦቹ ዘበኞች! ይቺ ቀስት ደግሞ አንዱ ወታደር ከኛ አጥር ዘሎ ከሽፍቶቹ እንዲቀላቀል ነው!"

"ኧረ በማርያም! የምን ምሽግ አመጣህብን?" አለች ዋጋነሽ።

ጥፋቱ የሷ ነው። ወልደሰንበት ባሕር ተሻግሮ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ነው። ጣሊያኖች በየካቲቱ እልቂት የተማረውን እየለቀሙ ሲገድሉ አምልጦ፣ ማንም በማያውቀው ኮልፌ ጺሙን አሳድጎ እንጨት ፈላጭ ሆነ። እስክሪብቶ መያዙን ተወ፤ ማስተማሩን ግን መተው አቃተው። ሌላ ተማሪ ስላጣ ሚስቱን ያዘ። ትናንት ከሰል አንስቶ የጨውን ነገር ሳለላት። የሶዲየም ኤሌክትሮኖች በመጀመሪያው ቀለበት ሁለት፣ በሁለተኛው ስምንት፣ በውጪው አንዲት ብቻ ናቸው። የክሎሪን ደግሞ ሁለት፣ ስምንት፣ ሰባት። የውጪው ቀለበት ስምንት ሲሞላ ያርፋል፤ ስለዚህ ሶዲየም ያችን አንዲቷን ለክሎሪን ይሰጥና ሁለቱ ተሳስበው ጨው ይሆናሉ።

"ታዲያ ሰጪው ተዘረፈ ማለት አይደል?" ብላ አሳቀችው። ሊያጠፋው ሲነሳ፣ "ተወው፣ ነገ እየፈተልኩ ላየው" ያለችውም ራሷ ናት። ትምህርቱን ከልቧ ወዳው ነበር።

መኮንኑ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ነጥቦቹን በጣቱ ቆጠረና ሳቀ።

"ሶዲዮ" አለ። "ክሎሮ።" ከዚያም ለዱባለ በጣሊያንኛ ረዘም ያለ ነገር ነገረው።

"ካርታ አይደለም ይላሉ" አለ ዱባለ ቅር እያለው። "እሳቸው መድኃኒት ቀማሚ ናቸው። የትምህርት ነገር ነው አሉ።"

ዋጋነሽ እፎይ ልትል ነበር። ወዲያው ግን የባሰው እንደመጣ ገባት። ካርታ ነው ቢሉ ይሰቅሉታል፤ ትምህርት ነው ቢሉም ይሰቅሉታል።

"ማነው የሳለው?" አለ ዱባለ። "አንተ! አንተ ነህ?"

"ስንከራይ ነበረበት፣ ጌታዬ" አለ ወልደሰንበት አንገቱን ደፍቶ። "እኔ እንጨት ፈላጭ ነኝ።"

መኮንኑ መሬት ላይ የወደቀውን ከሰል አነሳ። በክሎሪኑ የውጪ ቀለበት ላይ ሁለት ነጥብ ጨመረ፤ ሰባቱ ዘጠኝ ሆኑ። ከዚያ ለግድግዳው ጀርባውን ሰጥቶ ፊታቸውን ያይ ጀመር።

ዋጋነሽ ወጥመዱን አየችው። ባሏ ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀን አሳስቶ የሚያወራ ካለ ያርማል። አሁንም ዓይኑ ዘጠኙ ላይ ተተክሏል። ከንፈሩ ተላቀቀ።

"ዘጠኝ አይይዝም!" ብላ ጮኸች።

ሁሉም ወደሷ ዞሩ።

"ስምንት ሲሆን ይሞላል። የሳልኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ?" ዱባለ ከት ብሎ ሳቀ። "ማን አስተምሮሽ?"

"ልብስ የማጥብላት ፈረንጅ ነበረች። አስተማሪ ናት፤ አገሯ ገባች።" ባሏን በአገጯ አሳየች። "ይሄ ምን ያውቃል! እንዳይቆጣኝ ስንከራይ ነበረበት ብዬው አምኖኝ ነው።"

ዱባለ ተረጎመ። መኮንኑ ሳይስቅ ከሰሉን ዘረጋላት።

"አክዋ" አለ።

"ውሃን ሳዪ ነው የሚሉሽ" አለ ዱባለ። "ከሳልሽው እንተዋችኋለን፤ ካቃተሽ የሳለው ባልሽ ነው፤ ይዘነው እንሄዳለን።"

ውሃን ወልደሰንበት የነገራት እሷ ወጥ ስታማስል ነው፤ ግማሹን ሰምታዋለች፣ ግማሹን አልሰማችውም። ኦክስጅንን ሳለች፤ ከውስጥ ሁለት፣ ከውጪ ስድስት። በግራና በቀኝ ትንንሾቹን ሃይድሮጂኖች ሳለች፤ ለያንዳንዳቸው አንዳንድ ነጥብ። እዚህ ላይ እጇ ቆመ። ነጥቧ እንደ ጨው ተሰጥታ ትሻገራለች?

ስትጠራጠር የባሏን ዓይን ማየት ልማዷ ነው፤ ልክ ከሆነች ዓይኑ ይስቃል። አንገቷ ሊዞር ጀመረ። መኮንኑ የሚያየው ግድግዳውን አልነበረም። እሷን ነበር፤ ወደ ማን እንደምትዞር።

በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ብትሳሳት ባሏን ይዘውት ይሄዳሉ፤ ብትዞርም ይዘውት ይሄዳሉ። ዓይኗን ግድግዳው ላይ እንደተከለች ለብቻዋ አሰበች። ሶዲየም ያችን አንዲቷን ቢሰጥ ከሥር ሙሉ ስምንት ይቀረዋል። ይህ ምስኪን ግን ያለችው ያቺው አንዲት ናት፤ ከሰጣት ባዶውን ይቀራል። እንግዲያው አይሰጣትም።

ነጥቧን አላሻገረቻትም። ሁለቱ ቀለበቶች በሚነካኩበት መሐል፣ ከኦክስጅን አንዷ ጎን፣ የጋራቸው አድርጋ አስቀመጠቻት። በሌላውም በኩል እንዲሁ አደረገች።

መኮንኑ ወደ ግድግዳው ዞር ብሎ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"ብራቫ" አለ አድንቆ።

ዋጋነሽ ያኔም ወደ ባሏ አልዞረችም።