የትናንቱ ብልቃጥ

እና እኩል ናቸው፣ ቀዩም ነጩም፣ ትናንት ከሰዓት የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህኖቹን ከፍታ ስታይ ዓይኗን አላመነችም፣ መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አየች፣ እኩል፣ እንዴት ነው እኩል የሚሆኑት፣ ነጮቹ እኮ የሰባት ዓመት ልፋት ናቸው፣ ቀዮቹ ለመለያ ቀይ የተደረጉ ቅድመ አያቶቻቸው፣ ከሰባት ዓመት በፊት በረዶ ውስጥ ተኝተው የቀሩ፣ ዓለም ጥሏቸው የሄደ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቢያሽቀዳድሟቸው ነጮቹ ምግቡን ጠራርገው በልተው ቀዮቹን ጦማቸውን ሊያሳድሯቸው ነው የሚገባው፣ አምና እንደዚያ ነበር፣ ካቻምናም፣ ዘንድሮ እኩል። አሁን ንግግር ከምታደርግበት አዳራሽ በር ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ይህንኑ ታላምጣለች፣ ጀርባዋ ግድግዳው ላይ፣ እጇ ውስጥ የንግግሯ ሥዕሎች ያሉባት ፍላሽ፣ ውስጥ ወንበር ሲንኳኳ ይሰማታል፣ ሰው እየገባ ነው፣ ደህና አደርሽ ይሏታል፣ ደህና አደርኩ ትላለች፣ ውሸት፣ ዓይኗን ሳትከድን ነው ያደረችው።

ሥራው ለልጅ እንኳ የሚገባ ነበር። ባክቴሪያ፣ በዓይን የማይታይ ተራ ባክቴሪያ፣ ቀለቡ ትንሽ ስኳር፣ በየጠዋቱ ከትናንቱ ብልቃጥ አንዲት ጠብታ ወደ ዛሬው ብልቃጥ፣ በቃ፣ በማግስቱም እንዲሁ፣ ስኳሯ ላይ ቀድሞ የደረሰ ይባዛል፣ የዘገየ ይቀራል፣ ማንም አይመርጥም ማንም አያዝዝም፣ ረሃቡ ራሱ ይመርጣል፣ የተፈጥሮ ምርጫ የሚሉት ያ ትልቅ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ አየዋለሁ ብላ ነው የጀመረችው፣ እናቷ ስትደውል ከብቶችሽ በሉ ወይ ትላት ነበር፣ በልተዋል እማዬ፣ ወፈሩ ወይ፣ ፈጠኑ እንጂ አልወፈሩም፣ የማይታለብ ከብት ደግሞ ምን ያደርግልሻል፣ ትስቃለች፣ ሳቋ ውስጥ ሳል ይገባል፣ ኋላ የገደላትም ያው ሳል ነው።

ሥራው አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፣ የዛሬው ብልቃጥ እስኪደፈርስ የትናንቱ አይታጠብም። ከደፈረሰ ተባዝተዋል ማለት ነው፣ ያኔ የትናንቱን እጠብ፣ ጥርት ብሎ ከቀረ ወደ ትናንቱ ትመለሳለህ። ሻንጣዋን ይዛ እናቷን ልታስታምም ስትወጣ ለባሏ በር ላይ የነገረችው ይህንኑ ነው፣ ባሏ እዚሁ ክፍል ያስተምራል፣ ብልቃጥ መያዝ አይጠፋውም፣ ቢሆንም አደራ አለችው፣ አምና መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቀልጥ የየዓመቱ ናሙና ሁሉ ተበላሽቷል፣ ከበረዶ የተረፉት ጎረቤት ክፍል ያስቀመጥናቸው ቅድመ አያቶች፣ ነጭም ቀይም፣ ብቻ ናቸው፣ ይኸ ብልቃጥ ከሞተ ሁሉም ሞተ፣ ገባህ አይደል፣ ገብቶኛል፣ ሂጂ፣ እናትሽ ጋ ሁኚ፣ እኔ አለሁልሽ።

አለሁልሽ። ማታ ማታ ይደውላል፣ ከእናቷ አልጋ ተነስታ መስኮት ጋ ትሄዳለች፣ እንዴት ዋሉልኝ፣ በልተዋል፣ ደፍርሰዋል፣ ደህና ናቸው፣ አንቺ ለራስሽ እወቂ፣ ያ ድምፅ፣ ረጋ ያለው፣ ልቤን ጥዬ የምተኛበት ድምፅ፣ እናቷም ከትራሷ ቀና ብላ ምን አለሽ ትላታለች፣ ደህና ናቸው አለኝ፣ ጎሽ፣ ጎሽ ልጄ፣ ባልሽ ሰው ነው፣ ለካ ለእናቴ ሳይቀር አስዋሸኝ፣ ባልሽ ሰው ነው እያለች ሞተች።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ነው የነገረችው፣ ዳቦውን እየቀባ ነበር፣ እኩል ሆኑ፣ ምኑ፣ ነጮቹና ቀዮቹ፣ ቢላዋውን አስቀመጠ፣ ሳይናገር ገባት፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሮት የኖረ ሰው ከቢላ አቀማመጡ ያውቃል። አንቺ እናትሽ ጋ ሳለሽ አንድ ቀን ኳስ ነበረ አለ፣ ቸኩዬ የትናንቱን አጠብኩት፣ በማግስቱ ስመጣ የዛሬው ጥርት ብሏል፣ ለካ ስልክ እያወራሁ ጠብታዋን አልጨመርኩም፣ እና፣ እናማ ጎረቤት ሄጄ ከበረዶ አወጣሁ፣ ምኑን፣ ቅድመ አያቶቹን፣ ነጮቹን፣ ያው እነሱ አይደሉ እንዴ ብዬ። ያው እነሱ። ይኼን የሚለኝ የዝግመተ ለውጥ መምህር ነው፣ ደሞዝ እየበላ ዘር ይለወጣል እያለ የሚያስተምር፣ ያንተን ቅድመ አያት ከመቃብር አውጥቼ አልጋዬ ላይ ላስተኛና ያው እሱ አይደል እንዴ ልበልህ፣ አላለችውም፣ አሁን ነው የመጣላት፣ ጥሩ መልስ ሁልጊዜ ኮሪደር ላይ ነው የሚመጣው።

ለምን አልነገርከኝም። እናትሽን እየቀበርሽ እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ በሐዘን ላይ ሐዘን። ከዚያስ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ስትስቂ አየሁሽ፣ ከዚያ ደግሞ መሸ፣ ከዚያ ደግሞ... አለቀሰ፣ እሷም ለቅጽበት አዘነችለት፣ ያናድዳታል ይኼ፣ ባል ሲያለቅስ የሚራራ አንጀት ማን ሰጣት።

ለቅሶ ደግሞ የዚህን ትምህርት ታሪክ ከጅምሩ አይለቀውም። ተማሪዎቿ የሚወዱት ታሪክ ነው፣ የተፈጥሮ ምርጫን ሐሳብ ያፈለቁት ሁለት እንግሊዛውያን፣ ታናሹ ሩቅ ደሴት ላይ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ሐሳቡ መጣለት፣ የሚተርፉት ለኑሯቸው የሚስማማው ያላቸው ናቸው፣ ጽፎ ለታላቁ ላከው፣ ሰው መርጦ፣ አምኖ፣ ታላቁ ለካ ያንኑ ሐሳብ ሃያ ዓመት ገደማ ሳያወጣ ይዞት ኖሯል፣ ወዳጆቹ የሁለቱንም በአንድ ስብሰባ አስነበቡት፣ የታላቁን አስቀድመው፣ ታናሹን ሳይጠይቁ፣ ታላቁም አልመጣም፣ ሕፃን ልጁን እየቀበረ ነበር። ታናሹ አልተቀየመም፣ ዕድሜውን ሁሉ ሐሳቡን በታላቁ ስም ሲጠራ ኖረ። ይኼን እየነገረች ክፍል ውስጥ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ትል ነበር፣ ጨዋነት፣ ዛሬ እንጃ፣ ዛሬ ያንን ሰው ክንዱን ይዛ ብትጠይቀው ደስ ይላታል፣ እውነት አልተቀየምክም ወይስ መቀየም ውድ ሆነብህ፣ ከቀብር ጋር ማን ይጣላል።

ማይክ ይጮኻል፣ የክፍሉ ኃላፊ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እንደሚታወቀው ጠንካራው ይኖራል ደካማው ይጠፋል፣ የኛም ዩኒቨርሲቲ በዚህ መርህ፣ ጀመረ፣ በዚህችው ዓረፍተ ነገር ነው የኮንትራት መምህራኑን ያባረረው፣ ተፈጥሮ ፈርማ የሰጠችው ይመስል። ጠንካራው ነው ያለህ ማነው፣ የተስማማው ነው የተባለው፣ ለዛሬ ምግብ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ስኳሩን ብትቀይርበት ጀግናህ ነገ ይራባል፣ ስንት ጉድ ተሠርቷል በዚህች ቃል፣ የሰው ጭንቅላት በብረት መለኪያ ተለክቷል፣ እናንተ አትውለዱ የተባሉ ሴቶች በቢላ እንዲመክኑ ተደርገዋል፣ አጎቷ ደግሞ በሌላው በኩል፣ በመጣች ቁጥር፣ ነይ እስቲ የጦጣ ዘመድ፣ በናትሽ ኩላሊት ነው ወይስ ሙዝ ነው የምናቀርብልሽ፣ ይስቃል፣ እሱ ይሻላል፣ የአጎቷ ቀልድ ማንንም ከሥራ አላስወጣም።

አንቺ ተናገሪ አላት ባሏ ቁርስ ላይ። ይኼን ነው የያዘችው፣ ከጠዋት ጀምሮ ይኼን ብቻ፣ እንባውን በእጁ ጀርባ ጠርጎ፣ ተናገሪ፣ አትደብቂ፣ ስትጨርሺ እነሳለሁ፣ ሰው ፊት እኔ ነኝ እላለሁ፣ በማን ምክንያት አንቺ ታፍሪያለሽ። ዝም ብትል እኮ ማንም አያውቅም፣ የአምናውን ሥዕል አሳይታ፣ አጨብጭበው፣ ቋሚ ቅጥሩ ተፈርሞ፣ በዚህ ንግግር ላይ ነው ቅጥሯ የተንጠለጠለው፣ ሰባት ዓመት ጠብቃዋለች፣ እና ከተናገረች ሥራውም ሄደ ቅጥሩም ሄደ፣ የሚቀረው ባል ነው፣ ከተነሳ። ሰማያዊ ሸሚዙን ተኮሰችለት፣ እጇ ለምን እንደተኮሰ አታውቅም፣ ሰው ፊት የሚቆም ሰው የተጨማደደ አይለብስም ብላ ይሆናል።

ስሟ ይጠራል። ትገባለች።

ብርሃኑ ነጭ ነው፣ ሰዉ ሞልቷል፣ ባሏ ሁለተኛው ረድፍ፣ ዓይኑን ዓይኗ ላይ ጥሎ ራሱን ነቀነቀ፣ አይዞሽ፣ መጨረሻው ረድፍ በሩ ጋ ብልቃጥ አጣቢዋ እትዬ ተቀምጣለች፣ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ የመጣች፣ እሷ ራሷ ናት ነይ ስሚኝ ብላ የጠራቻት። ፍላሿን አትሰካም። እንዲሁ ትናገራለች፣ አምና ያሳየኋችሁ ዘር ሞቷል፣ አሁን ብልቃጡ ውስጥ ያሉት ቅድመ አያቶቹ ናቸው፣ ከጥቂት ወራት በፊት ተቀይረዋል፣ ሰባት ዓመቱ የለም፣ ዛሬ የማቀርበው ውጤት የለኝም። አንድ ሰው ሳለ። ኃላፊው ወደ ማይኩ ጎንበስ ይላል፣ ይቅርታ፣ እና ማነው የቀየራቸው?

ይኼ የሷ ጥያቄ አይደለም። አፏን ዘግታ ሁለተኛውን ረድፍ ታያለች፣ አሁን ይነሳል፣ እግሩን ከእግሩ ላይ አወረደ፣ አዎ፣ እጁን ወንበሩ ክንድ ላይ አሳረፈ፣ አዎ፣ ተነስ፣ ተነስልኝ፣ ሰባቱን ዓመት ውሰደው፣ ቅጥሩንም ውሰደው፣ የቤት ዕዳ የለብን፣ ሁለታችንም እናስተምራለን፣ ከዜሮ እንጀምራለን፣ ብቻ ተነስ፣ ይኼው ተንቀሳቀሰ፣ ትከሻው ዞረ፣ አንገቱ ዞረ።

ወደ ኋላ ነው የዞረው። እንደ ሰዉ ሁሉ፣ ከሰዉ ጋር፣ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ ማን ይሆን ብሎ ወደ ኋላ ወንበሮች ያያል፣ ፊት ያሉትም አዩት፣ የሚያየው ነገር ያለ መስሏቸው እነሱም ዞሩ፣ አንድ በአንድ፣ ረድፍ በረድፍ፣ እስከ በሩ፣ እስከ ሽርጧ፣ እትዬ እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባለች፣ ምን እንዳደረገች እያሰበች ነው፣ ምንም ያላደረገ ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው፣ እና እሷ መድረኩ ላይ ያ ድምፅ ትዝ አይላት፣ እናቷ ትዝ አትላት፣ ንዴት እንኳ የለም፣ ቀዝቅዛለች፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ሁለት ሐሳብ የለም፣ አንድ ብቻ ነው፣ ማይኩን ታስጠጋለች።

ባሌ ነው፣ ትላለች፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው፣ ሰዉ ሁሉ ወደሱ ይዞራል፣ እሱ ግን ገና ወደ ኋላ እያየ ነው።