ሳይነካ የቆየው በረዶ

ፌሮው ወረደ እንጂ አልቆመም። ኡይባን በሁለት እጁ ገፋው፤ ቀጥሎ ደረቱን አስደግፎ ገፋው፤ ብረቱ ያለ አንዳች ትግል ሰመጠ። ከመሬት በላይ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ብቻ፣ ከታች ያለውን፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚቆየውን የአፈር ግግር ሲነካ የሚሰማው ያ ደረቅ ድምፅ ተሰማ።

ኡይባን ዘንጉን ነቅሎ ጭቃ የነካውን ያህል በስንዝሩ ለካ። ሁለት ጊዜ ለካ።

“ዘጠኝ፣” አለ። “እትዬ ባልባራ፣ ዘጠኝ ስንዝር።”

“የአንተ ስንዝር አጭር ናት። እንደ ድንችህ።”

“አጭር በሆነች እኔ ደስ ባለኝ።”

ባልባራ የለቀመችውን ድንች ከነቅርጫቱ መሬት ላይ አስቀመጠች። መስከረም እያለቀ ነበር። ማዶ ያሉት ጥዶች፣ በየዓመቱ ቅጠላቸውን የሚያረግፉት ዓይነት፣ ቢጫ ሆነው መርገፍ ጀምረዋል። በዚህ ወር የምድሩ ግግር በሙቀቱ ወራት የቀለጠውን ያህል ቀልጦ ያበቃል፤ ስለዚህ ሟቹ ባሏ ሃቢሪል ፌሮውን የሚያስገባው ሁልጊዜ ድንች በተለቀመ ማግስት ነበር። ቦታውም አንድ ነው፤ በቤቱና በቡሉሱ መካከል። ቡሉሱ ሥጋው፣ ዓሣውና የወተቱ ግግር ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጥበት የመሬት ሥር ጉድጓድ ሲሆን፣ ግድግዳው ራሱ ግግር ነው። በተጋቡ ዓመት በመጥረቢያና በዶማ የቆፈረው ሃቢሪል ነው። ባለፈው ሐምሌ ባልባራ ዓሣ ልታወጣ ስትወርድ ከጣሪያው የውኃ ጠብታ ማጅራቷ ላይ አረፈባት። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ሲንጠባጠብ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ የቤቱ የምሥራቅ ማዕዘን አንድ መዳፍ ያህል ዝቅ ብሏል፤ በሩም ካልተገፋ አይዘጋም።

ልጇ ኩንኔይ በያኩትስክ ከተማ አስተማሪ ናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቷ አንድ ክፍል አዘጋጅታለች፤ መጋረጃውን ሳይቀር ሰቅላለች። ቅዳሜ ልትወስዳት ትመጣለች። ባልባራ እሺም እንቢም አላለችም ነበር። “ፌሮው ይናገር” ብላ ነበር። የሃቢሪል የመጨረሻ ምልክት ስድስት ስንዝር ላይ ነው፤ ፌሮው እዚያ አካባቢ ከቆመ ትቀራለች፣ አልፎ ከወረደ ትሄዳለች። ውሉን ያወጣችው ራሷ ናት። ማንም አላስገደዳት።

ምልክቶቹ ያሉት ከሰው ቁመት በሚበልጥ በተላጠ የጥድ እንጨት ላይ ነው። ሃቢሪል በየመስከረሙ ዘንጉን ከእንጨቱ ጎን አስተኝቶ፣ ግግሩ የተገኘበትን ጥልቀት በቢላዋ ይቀርጽ ነበር። የመጀመሪያው አራት ስንዝር ተኩል ላይ ነው። ሌሎቹ ተጠጋግተው፣ አንዳንድ ዓመት ወደ ኋላ እየተመለሱ፣ ቀስ እያሉ እስከ ስድስት ይደርሳሉ። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ልሙጥ ነው።

ባልባራ ማሳውን አየችው። ማሳ ነበር ማለት ይሻላል። የተጋቡ ሰሞን እዚህ ሁሉ ጫካ ነበር። ሃቢሪል የመንደሩን ትራክተር ለምኖ ጥዶቹን ከነሥራቸው ነቀለ፤ ሽበት የሚሉትን፣ መሬቱን ያለበሰውን ለስላሳ ዕፅም እንደ ቆዳ ገፈፈው። ጥቁር አፈር ወጣ፤ ሜዳው እንደ ተወጠረ ከበሮ ቀጥ ያለ። በመጀመሪያው ዓመት የወጣውን ድንች በክሬም ጠብሳ ለትራክተሩ ሹፌር፣ ለጎረቤቶችና ያን ጊዜ ጎረምሳ ለነበረው ለታናሽ ወንድሙ ለኡይባን አቀረበች። ሃቢሪል ግን ሳይበላ የመጀመሪያዋን ድንች ወደ ምድጃው እሳት ጣላት። “መጀመሪያ የምድሩ ባለቤት መንፈስ ይቅመስ” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያ በጋ ልጆች ከየመንደሩ እየመጡ ማሳው ዳር ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ በመንደራቸው በቲት-አሪ እንዲህ ደልዳላ ቦታ አልነበረምና።

ከሃያ ዓመት በኋላ መሬቱ መጎድጎድ ጀመረ። ከሥሩ ያለው ግግር ጥላውንና ሽበቱን ካጣ ወዲህ ከውስጥ እየቀለጠ ነበር። መጀመሪያ ትናንሽ ሰርጦች ታዩ፤ ቀጥሎ ሜዳው የተደፉ ድስቶች የተደረደሩበት መሰለ። በድስቶቹ መካከል ውኃ ቆመ። ሃቢሪል አንድ ቀን ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ፣ “ብርድ ልብሱን የገፈፍኩት እኔ ነኝ” አላት። ሽበቱንና ጥላውን ማለቱ ነበር፤ በበጋ ሙቀቱን ከምድሩ የሚከለክሉት እነሱ ነበሩ። በብርዱ ወራት ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ለምድሩ ሙቀት ይሆነዋል፣ ብርዱም ወደ ታች እንዳይወርድ ይከለክለዋል። ስለዚህ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር ሃቢሪል አካፋውን ይዞ ይወጣ ነበር። ምራቅ መሬት ሳይደርስ በሚደርቅበት በታኅሣሥ ብርድ፣ ከቡሉሱ እስከ ቤቱ፣ ከቤቱ እስከ አጥሩ፣ መሬቱን ራቁቱን ያስቀረዋል። ባልባራ የመስኮቱን አመዳይ በትንፋሿ አቅልጣ ታየው ነበር። “ቤት ውስጥ ምን አቃጠለህ?” ትለዋለች ሲገባ። “እኔን ሳይሆን መሬቱን ነው” ይላታል፤ ጢሙ ላይ የተንጠለጠለው በረዶ ሻይ ውስጥ እየተንጠባጠበ። ምክንያቱንም በየዓመቱ ይነግራታል። ባል ሲደጋግም የሚነግረው ነገር እንደሚሰማው ሁሉ፣ እሷም በግማሽ ጆሮ ሰምታዋለች።

ኡይባን ፌሮውን በሣር እየጠረገ፣ “ለቅዳሜ ፈረስ ላዘጋጅ? ወይስ ኩንኔይ በመኪና ነው የምትመጣው?” አለ።

“አንተ ጋ ሞክረው” አለች ባልባራ።

“ምኑን?”

“ፌሮውን። ከአጥሩ ወዲያ።”

“እኔ ጋ ምን አለ? የፈረስ ፋንድያ ነው ያለው።”

“ፋንድያም ቢሆን ሞክረው።”

የኡይባን የፈረስ ግቢ ከእሷ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ያንኑ ዓመት፣ በዚያው ትራክተር የተመነጠረ መሬት ነው። ኡይባን እያጉረመረመ አጥሩን ተሻገረና ፌሮውን ተከለ። ገና በደረቱ ሳይገፋው ቆመ። ሌላ ቦታ ተከለ፤ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ባልባራ ራሷ አጥሩን ዞራ መጥታ ከእጁ ተቀበለችውና በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ያ ደረቅ ድምፅ ተሰማ።

“አምስት” አለች ለክታ። “በእኔ ስንዝር አምስት።”

አንዲት ባዝራ መጥታ የኡይባንን ትከሻ አሸተተች፤ እሱም ፊቷን ገፋ አደረጋት፤ ባልባራን ግን አላያትም። በብርዱ ወራት የእነዚህ ፈረሶች ሥራ በረዶውን በኮቴ እየፈነቀሉ ከሥሩ ያለውን ሣር መፈለግ ነው። ኡይባን ግቢ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያልተረገጠና ያልተገለበጠ በረዶ የለም።

በእሷ ግቢ ግን በረዶው ለሦስት ዓመት በብርዱ ወራት ሁሉ ሳይነካ ተኝቷል።

ሃቢሪል በመጨረሻው ቀን ከቡሉሱ ጀምሮ እስከ ግማሽ ጠርጎ ነበር። አካፋውን የቡሉሱ በር ላይ አስደገፈና ገብቶ ሻይ ጠየቀ። ሻዩ ተቀዳ፤ አልተጠጣም። በማግስቱ በረዶ ጣለና የጠረገውን ሸፈነው። ባልባራ ከሥሩ የእሱ ሥራ እንዳለ ታውቅ ስለነበር ማንንም አላስነካችም። ወደ ማገዶው የምትሄደው በአጥሩ ጥግ ዞራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ልማድ ሆነ፤ ምክንያቱን ራሷን መጠየቅ ተወች።

“በረዶው ምን እያደረገ እንደነበር ታውቅ ነበር” አለችው።

“ምን?”

“ኡይባን።”

“እንግዲህ... ማን የማያውቅ አለ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“በመጀመሪያው ዓመት አካፋ ይዤ መጥቼ አልነበር? ‘ተወው’ አልሽኝ። ተውኩት። በሁለተኛው ዓመት እስከ አጥሩ መጥቼ ተመለስኩ።” የባዝራዋን ጋማ በጣቱ ይፈታ ጀመር። “የወንድሜን ዱካ በምትጠብቅ ሴት ግቢ አካፋ ይዤ እንዴት ልግባ? አንቺ ብትሆኚ ትገቢ ነበር?”

“ሞኝ ነህ።”

“ነኝ። እሱም ይለኝ ነበር።”

ባልባራ ፌሮውን መለሰችለትና ወደ ቅርጫቷ ሄደች። ድንቹን ወደ ቤት ስታስገባ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ያን ያህል የጠበቀችው በረዶ እኮ በየሚያዝያው ይቀልጥ ነበር። እሱ የረገጠው አንድ ብናኝ እንኳ ከመጀመሪያው በጋ አላለፈም።

ቅዳሜ ኩንኔይ ትልልቅ ባዶ ሻንጣዎች ይዛ መጣች። ቤቱን ዞራ አየችና፣ “እማዬ፣ ምንም አልሸከፍሽም” አለች።

“ሻይ ጠጪ መጀመሪያ።”

“ፌሮው ስንት አለ?”

“ዘጠኝ።”

“እንግዲያስ? ‘ፌሮው ይናገር’ ያልሽው አንቺ ነሽ። ከዚህ በላይ ምን ይበል?”

“ዘጠኝ ያደረግሁት እኔ ነኝ።”

ባልባራ ነገረቻት። በአጭሩ ነው የነገረቻት፤ ስለ አጥሩ፣ ስለ ፈረሶቹ፣ ስለ አካፋው። ስለ ሻዩ አላነሳችም፤ ኩንኔይም አልጠየቀችም።

“እኔ እኮ አባዬ የሚጠርገው ትምህርት ቤት ስንሄድ እንዳያንሸራትተን ይመስለኝ ነበር” አለች። “ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ‘አባቴ ለእኔ ብሎ ነው’ እያልኩ እፎክር ነበር።”

“ለአንቺም ይሆናል። ማን ያውቃል።”

“በስልሳ ሰባት ዓመትሽ በረዶ ልትጠርጊ ነው? እዚያ እኮ የማሞቂያው ቧንቧ አልጋሽ ሥር ነው ያለው። እጅሽን ዘርግተሽ መንካት ነው።”

“መልካም ቧንቧ ነው። ይጠብቀኝ። የሚመጣው መስከረም ፌሮው ይገባል፤ ከዘጠኝ አንዲት ጣት ከወረደ ሻንጣዬን ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ካልወረደ ግን እንደ ዛሬው ባዶ ሻንጣ ይዘሽ እንዳትመጪ። አሳፋሪ ነው፤ ጎረቤት ያያል።”

“ጎረቤትሽ አጎቴ ብቻ ነው።”

“እሱ ነው ዋናው ወሬኛ።”

ኩንኔይ ከሻንጣዎቹ አንዱን ድንች ሞልታ ወደ ያኩትስክ ተመለሰች።

የመጀመሪያው በረዶ በጥቅምት አጋማሽ ጣለ። ባልባራ ጠዋት ተነስታ ቂጣ ጋገረች፤ ከላይኛው ቂጣ ቆርሳ ወደ እሳቱ ጣለች። የምትለው ቃል አልመጣላትምና ዝም ብላ ጣለች። ቡሉሱ በር ላይ የተደገፈው አካፋ ሦስት ዓመት ሲዘንብበትና ሲነፍስበት ኖሮ ዛቢያው ሸካራ ሆኗል፤ ሃቢሪል የሚይዝበት ቦታ ግን አሁንም ልዝብ ነበር። የእሷ እጅ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚደርሰው። አጥሩ ላይ ኡይባን ክርኑን አስደግፎ ቆሟል።

“ልርዳሽ ብዬ አልጠይቅሽም” አለ። “ባለፈው ያልሽኝን አልረሳሁም።”

“እያየህ ብትቆም ይበርድሃል። አካፋ የለህም?”

ነበረው። ከኋላው ደብቆት ኖሯል።

በዚያ ዓመት በረዶ በጣለ ቁጥር ጠረጉ። በጥር፣ ትንፋሽ ከአፍ ሲወጣ በሚንኮሻኮሽበት ብርድ፣ ጥቁሩ መሬት ራቁቱን ተሰነጣጥቆ ይታይ ነበር። ብርዱ ሲወርድ አይታይም፤ ማታ ማታ ግን ባልባራ ከአልጋዋ ሆና መሬቱ ከሩቅ እንደሚተኮስ ጠመንጃ ሲጮህ ትሰማለች። ለዓመታት ያልሰማችው ድምፅ ነበር። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ቡሉሱን ዙሪያውን በድርቆሽ አለበሰችው። ማሳው ግን ማሳ አልሆነም፤ ውኃ በቆመባቸው ሰርጦች ዳክዬዎች ሰፈሩ። ድንቹን ከቤቱ ጀርባ በአንድ ጠባብ መደብ ተከለችው።

መስከረም ሲያልቅ ኡይባን ፌሮውን ተከለና ገፋ። ዘንጉ ወረደ፣ ወረደ፤ ያ ደረቅ ድምፅ መጣ። ባልባራ ራሷ ለካች። ዘጠኝ ስንዝር፣ ሁለት ጣት ሲጎድል።

“ጣትሽ ነው የቀጠነው” አለ ኡይባን። ግን ቆቡን አውልቆ ነበር።

ባልባራ ዘንጉን ከጥዱ እንጨት ጎን አስተኛችና በሃቢሪል ቢላዋ ቀረጸች። መስመሯ ትንሽ ተጣመመ። በእሱ የመጨረሻ ምልክትና በእሷ የመጀመሪያ ምልክት መካከል ሦስት ስንዝር የሚጠጋ ልሙጥ እንጨት ቀረ።

ኡይባን እንጨቱን ተቀብሎ አገላበጠው። “ከእኛ በኋላ የሚያየው ሰው፣ ይሄ ባዶው ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅስ?”

ባልባራ ቢላዋውን ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

“በረዶ ተኝቶበት ነበር በለው” አለችና፣ ለኩንኔይ ልትደውል ወደ ቤት ገባች።